ማውስ ወይስ ኪቦርድ፤ ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፥ ምናልባትም ፈገግ የሚያሰኝ ነው። በኮምፒዩተር ጽሑፍ የሚጽፍ፥ በተለይም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እጁን ከኪቦርድ ሳያነሣ ሥራውን ቢፈጽም ይሻለዋልን? ወይስ ማውሱን ይዞ የሚፈልገውን ስፍራ እያመለከተ ቢሠራ ይቀናዋል? «ይህስ መምህራንን የሚያነጋግር ጉዳይ ነውን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ብሆን በዚሁ ነገር ምክንያት አንዲት ጎበዝ መምህርት ከክፍሌ እስክትቀር ድረስ ጉዳዩን እንደ ጨዋታ እቈጥረው ነበር።

የእርሷን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እኔ የየትኛው ወገን እንደ ሆንሁና ይህን ወገንተኝነት ከየት እንዳመጣሁት ልናገር፤ ለዳኝነት የተቀመጠ ሰው የማን ዘመድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢያስታውቅ ተገቢ ነውና።

የተወለድሁት በገዳሪፍ ነው። ወላጆቼ በመተማ በኩል ተሰደው ወደ ሱዳን ከገቡት ብዙ ኢትዮጵያውያን መካከል ነበሩ። ገዳሪፍን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። መሬቷ ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቅና አቧራው ከቤት ውስጥ ከተዘጋ ሣጥን እንኳ ይገባል። በልጅነቴ በከተማው ፍርድ ቤት ደጅ አቤቱታ ጸሓፊዎች የጽሕፈት መኪናቸውን በትንንሽ ጠረጴዛ ላይ አድርገው በዳስ ጥላ ሥር ተሰልፈው ይቀመጡ ነበር። ከእነርሱ ትይዩ በምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አንድ ያገራችን ሰው አሮጌ ኮምፒዩተር ገዝቶ ለስደተኞች ደብዳቤና ማመልከቻ ይጽፍ ነበርና እኔ ጋሼ እያልሁ ሻይ እያመላለስሁለት ከአጠገቡ አልጠፋም ነበር።

የዚያን ጊዜ ማውስ እንደ ዛሬው በብርሃን የሚሠራ አይደለም። ሆዱ ውስጥ የጎማ ኳስ አለበት፤ ኳሱ በጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል በውስጥ ያሉ ቀጫጭን ዘንጎችን ያዞራል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስትም በዚያው መጠን ይሄዳል። እንግዲህ የገዳሪፍ አቧራ በእነዚያ ዘንጎች ላይ እንደ ክር እየተጠመጠመ ሲጋገር ቀስቱ ወደ ቀኝ ሲሉት ይቆማል፥ ወደ ላይ ሲሉት ይዘላል። ጋሼ በየማለዳው ሆዱን ከፍቶ በጥፍሩ ይፍቀው ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ተናዶ «ይህን እንስሳ ከፊቴ አንሣልኝ» ብሎ ሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሱቁ ያለ ማውስ ሠራ። ኪቦርዱም ቢሆን ከአገልግሎት ብዛት ፊደሎቹ ተፍቀው፥ በላያቸው የተለጠፉት የዐረብኛ ፊደሎች ደግሞ ግማሾቹ ተልጠው ነበር። ዐይን የሚያነበው ነገር ስላልነበረ ጣት ብቻውን መንገዱን እንዲያውቅ ግድ ሆነበት። እኔም ኪቦርድ የተማርሁት በዚያ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ መምህር ሆኜ፥ ያለ ማውስ መሥራቴን እንደ ታላቅ ጥበብ እቈጥረው ነበር። የጥበቤ ምንጭ አቧራ መሆኑን አላስተዋልሁም።

ነገሩን ልብ ብሎ ለመረመረው የታላላቆቹም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ቢል ጆይ የሚባል የበርክሊ ተማሪ ቪአይ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ኤዲተር ሠራ። በዚህ ኤዲተር ውስጥ አንድ ቁልፍ አንድ ጊዜ ፊደል ይጽፋል፥ ሌላ ጊዜ ትእዛዝ ይሆናል፤ በጽሑፉ ውስጥ ወደ ግራ፥ ወደ ታች፥ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ለመሄድ የሚያገለግሉት ደግሞ ኤች፥ ጄ፥ ኬ እና ኤል የሚባሉት የላቲን ፊደሎች ናቸው። ይህ ስለ ምን ሆነ ቢባል ምክንያቱ ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም፤ ሰውየው ይሠራበት በነበረው መሣሪያ ላይ የአቅጣጫ ቀስቶቹ በእነዚያው አራት ቁልፎች ላይ ታትመው ስለ ነበር ነው። ማውስ አልነበረውም። ከማዕከሉ ጋር የሚያገናኘውም የስልክ መሥመር እጅግ ዘገምተኛ፥ በሴኮንድ 30 ያህል ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ስለ ነበረ በአንድ ፊደል የሚታዘዝ ኤዲተር ማዘጋጀቱ የቸገረው ሰው ዘዴ ነበር። ያ መሣሪያ ዛሬ የለም፤ መሥመሩም ፈጥኗል። ነገር ግን እነዚያን አራት ቁልፎች እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘው፥ ማውስ የሚነካውን ሰው እንደ ጀማሪ የሚመለከቱ ፕሮግራም ጸሓፊዎች በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ብዙ ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

አሁን ወዳልኋት መምህርት ልመለስ። በማሠልጠኛው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን፥ ሠልጣኞቹ ቶሎ እንዲለምዱ በማለት ማውሶቹን ሁሉ ሰብስቤ በካርቶን አድርጌ ቆለፍሁባቸው። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፥ በቆላው አገር ብዙ ዓመት ያስተማሩና ደረጃቸውን ለማሻሻል የመጡ አንዲት እኅት ነበሩ። በሒሳብ ከክፍሉ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀሩ። በመንገድ ላይ አግኝቼ «ምነው እትዬ፥ ጠፉብን?» ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፥ ሕፃን ፊደል ሲቈጥር እንኳ ስንጥር ይሰጠዋል። እኔን ግን በስተርጅና ያለ ስንጥር እንድቈጥር አደረጉኝ።»

በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ንግግር ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል። ልጁ የፊደል ገበታውን ታቅፎ በስንጥር ወይም በሰንበሌጥ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ «ሀ፥ ሁ፥ ሂ» ይላል። ውሎ አድሮ ስንጥሩ ከእጁ ይወድቃል፤ ማንም አይነጥቀውም። እኛ ኪቦርዱን ራሱን የፊደል ገበታ ብለን ስም አውጥተንለት ሳለ፥ ስንጥሩን ከልጁ እጅ ቀምቼ ጥበብ ያስተማርሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ቀን ማታ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን መመርመር ጀመርሁ። ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ካርድ፥ ሞራንና ኒዌል የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የጻፉት ነው። እነዚህ ሰዎች በኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥራ በጥቃቅኑ ከፋፍለው ለያንዳንዱ የሚፈጀውን ጊዜ ወሰኑለት። እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ለማዛወር 0.4 ሴኮንድ፤ ቀስቱን ወደሚፈለገው ስፍራ ለማድረስ 1.1 ሴኮንድ፤ እጅን ለመመለስ ሌላ 0.4 ሴኮንድ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወደ ማውስ ሄዶ መመለስ ሁለት ሴኮንድ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። አንድ ቁልፍ መምታትስ? የሠለጠነ ጸሓፊ በ0.2 ሴኮንድ ይመታል፤ ኪቦርዱን የማያውቅ ሰው ግን ፊደሉን ፈልጎ እስኪያገኝ 1.2 ሴኮንድ ይፈጅበታል።

ክቡራን ሆይ፥ ክርክሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ነው። ማውሱ ለሁሉም ሰው ያው ሁለት ሴኮንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሠለጠነው ሰው ዐሥር ቁልፍ ይመታል፤ ስለዚህ ማውሱ ያዘገየዋል፥ ያናድደዋልም። ያልሠለጠነው ግን በዚያው ጊዜ ሁለተኛውን ቁልፍ እንኳ መትቶ አይጨርስም፤ ስለዚህ ማውሱ ለእርሱ በቅሎ ነው። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የሚለያያቸው የተማሩት ትምህርት እንጂ የመሣሪያው ባሕርይ አይደለም። እኔ ደግሞ በ0.2 ሴኮንድ ለሚመታው ሰው የሚስማማውን ሕግ በ1.2 ሴኮንድ በሚመቱት ሰዎች ላይ ጫንሁ።

ሊቃውንቱ አንድ ሌላ ቍጥር ጨምረዋል፤ ይኸውም አንድን ሥራ ከመጀመር በፊት አእምሮ ለሚያሰላስልበት 1.35 ሴኮንድ የሚል ነው። ትእዛዙን በቃል ያልያዘ ሰው «ለመቅዳት የትኛው ቁልፍ ነበር?» እያለ የሚቆምባት ጊዜ ይህች ናት። በአፕል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብሩስ ቶግናዚኒ በ1989 የኪቦርድ ወዳጆችን እጅግ ያስቈጣ ነገር ጽፏል፤ የኪቦርድ ተጠቃሚ የፈጠነ ይመስለዋል፥ በሰዓት ሲለካ ግን ማውሱ ይቀድማል፤ ሰውየው ትእዛዙን ለማስታወስ ያጠፋውን ጊዜ አይቈጥረውምና ብሏል። ይህ ለሁሉም ሥራ እውነት ነው ብዬ አልቀበለውም። በቀን መቶ ጊዜ የሚደጋገመውን ትእዛዝ ጣት እንጂ አእምሮ አያስታውሰውም። ሆኖም በወር አንድ ጊዜ ለሚያስፈልገው ትእዛዝ ሰውየው ልክ ነው።

ማውስን ራሱን የፈጠረው ዳግላስ ኤንግልባርት ከሁለቱም ወገን አልነበረም። በ1964 ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ማውስ በእንጨት ቅርፊት ሠራለት፤ በታኅሣሥ ወር 1968 እነዚህም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በብዙ ሰው ፊት አሳየው። በዚያን ቀን በቀኝ እጁ ማውሱን፥ በግራው ደግሞ አምስት ቁልፍ ብቻ ያላትን ትንሽ መሣሪያ ይዞ፥ ቁልፎቹን እንደ በገና አውታር አንድነት እየነካ ፊደል ያስገባ ነበር። መሰንቆ መቺ ግራ እጁ ሌላ ቀኝ እጁ ሌላ ሥራ እንደሚሠራ ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ዓለም ማውሱን ወስዶ አምስቷን ቁልፍ ተወለት።

እስከዚህ የተናገርሁት ሁሉ የእንግሊዝኛ ጸሓፊዎች ነገር ነው። ወደ እኛ ወደ ግዕዝ ፊደል ጸሓፊዎች ስንመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በዚህም ላይ ትንሽ ብቆይ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሣል። ችግሩ ያን ጊዜም ግልጽ ነበር፤ ፊደላችን ከነእርባታው ከሁለት መቶ በላይ ነው፥ ቁልፉ ግን ጥቂት ነው። በጽሕፈት መኪናዎቹ ላይ ጸሓፊው የፊደሉን አካል መትቶ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ ይቀጥልለት ነበር። ኮምፒዩተርም ይህን ውርስ በሌላ መንገድ ተቀበለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከገባ ወዲህ በሁሉም መሣሪያ ላይ ይነበባል፤ አጻጻፉ ግን በአብዛኛው በላቲን ድምፅ ነው። «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ ሦስት ፊደል ሲሆን አምስት ቁልፍ ይመታል። እንግዲህ የአማርኛ ጸሓፊ በኪቦርዱ ላይ ያለው ሸክም ገና ከመነሻው የከበደ ነው።

ፕሮግራም ሲጻፍ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሦስተኛው እትሙ ጀምሮ የነገሮችን ስም በግዕዝ ፊደል መሰየም ይፈቅዳል። ሠልጣኞቼ ይህን ባወቁ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ የተማሪን ውጤት የሚደምር ፕሮግራም ሲጽፉ «ድምር»፥ «አማካይ» እያሉ ይሰይማሉ። ነገር ግን ስሙ በግዕዝ ቢሆንም የቋንቋው ትእዛዝ በላቲን ስለ ሆነ፥ በአንድ መሥመር ውስጥ ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሦስትና አራት ጊዜ መለወጥ ይኖርባቸዋል። የረሳ ሰው በላቲን ነጠላ ሰረዝ ፈንታ «፣» ይጽፍና ፕሮግራሙ ስሕተት ብሎ ይቆማል፤ ሠልጣኙም ሁለቱ ምልክቶች በዐይኑ አንድ ስለሚመስሉት ግማሽ ሰዓት ያጣል። ቪአይን የሚጠቀምማ ኪቦርዱ በአማርኛ ሳለ ወደ ታች ለመውረድ የጄን ቁልፍ ቢመታ «ጅ» የሚል ትእዛዝ ስለሌለ ኤዲተሩ ዝም ይለዋል። በ1976 የተነሣው ኢማክስ የተባለው ኤዲተር ግን በውስጡ የራሱ የግዕዝ መጻፊያ ዘዴ ስላለው በዚህ ረገድ ይሻላል።

ስለዚህ በእኛ ክፍል ውስጥ ጊዜ የሚበላው ከማውስ ወደ ኪቦርድ መመላለሱ ሳይሆን ከፊደል ወደ ፊደል መመላለሱ መሆኑን ተገነዘብሁ። ብዙዎቹ ሠልጣኞች ቋንቋውን ለመለወጥ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ ምልክት በማውስ ፈልገው ይነካሉ፤ በሰዓት ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደሚያደርጉት አስቡት። እኔም ዛሬ ለማንኛውም ጀማሪ አስቀድሜ የማስተምረው የቁልፍ ትእዛዝ መቅዳትም ማጥፋትም አይደለም፤ ቋንቋ መለወጫውን ነው። ይህችን አንዲት ነገር ጣታቸው ከለመደላቸው ሌላውን ሁሉ በማውስ ቢሠሩ አልከራከራቸውም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ከተመለሱት ወገኖቻችን ልጆች አንዱ ወደ ክበባችን መጣ። እርሱም እንደ እኔ በገዳሪፍ አድጎ በኮምፒዩተር ሱቅ የሠራ ነው። ዐረብኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅለው በሚጻፉበት መሥመር ላይ ቀስቱ ወደ ቀኝ ሲሉት ወደ ግራ እንደሚሄድ፥ በማውስ ሲጎትቱም የተመረጠው ጽሑፍ ከሁለት ተከፍሎ እንደሚታይ አሳየን፤ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ነው። «ታዲያ አንተ የቱን ትመርጣለህ?» ብለው፥ ማውሱን አንሥቶ የጽሑፉን መጀመሪያ ነካ፤ ቀጥሎም በኪቦርድ ቃል በቃል እየቈጠረ መረጠና «መግቢያው በዚህ፥ መውጫው በዚያ» አለኝ። ስለ ወገንም ሆነ ስለ ክብር አስቦ አያውቅም።

እስከ አሁን ስለ ማውስ ጥብቅና የቆምሁ ከመሰላችሁ የሚከተለውን አድምጡልኝ። ማውሶቹን ከካርቶን አውጥቼ በመለስሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ዐይነ ስውር ሠልጣኝ ተመደበልን። እኔ በሌላው ጥፋት ተጸጽቼ መልመጃዎቼን ሁሉ «እዚህ ላይ ንካ፥ እዚያ ላይ ጎትት» እያልሁ አዲስ ጽፌ ነበር። ልጁ መልመጃው ሲነበብለት ካዳመጠ በኋላ በትሕትና «መምህር፥ እዚህ የሚሉት የት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማውስ ለዐይን የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ቀስቱን የማያይ ሰው ቀስቱን አይመራም።

ይህ ልጅ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለትን ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. የተባለ ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ይጠቀም ነበር። በኪቦርድ ብቻ ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል፥ ፋይል ይከፍታል፥ ያርማል። ፓይተን የመሥመሩን ገባ ማለት እንደ ሥርዐት የሚቈጥር ቋንቋ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ተቸግሮ ነበር፤ ባዶ ስፍራ ድምፅ የለውምና። በኋላ ግን የሚያነብለት ፕሮግራም የመሥመሩን ገቢነት በዜማ ከፍታና ዝቅታ እንዲያስታውቀው ማድረግ እንደሚቻል አገኘን። ሌሎቹ በዐይን የሚያዩትን እርሱ በጆሮው እየሰማ በክበቡ ውስጥ ስሕተት በመልቀም የሚያህለው ጠፋ። ዐይነ ስውራን ዕጩ መምህራን ወደ ማሠልጠኛዎቻችን እንደሚመጡ ሁላችን የምናውቀው ነው። በማውስ ብቻ የሚፈጸም መልመጃ ወይም ፈተና ባዘጋጀን ቍጥር ደጁን የምንዘጋው በእነርሱ ላይ ነው።

ከዚህ የተነሣ በትምህርት ቤታችን የተስማማንበት ነገር እንዲህ ነው። መልመጃ ስንጽፍ የሚፈጸመውን ሥራ እንጂ የእጁን አካሄድ አናዝዝም፤ «ቃሉን ምረጥ» እንላለን እንጂ «በማውስ ጎትት» አንልም። ማንኛውም መልመጃ ለሠልጣኞች ከመሰጠቱ በፊት አንዱ መምህር ማውሱን ነቅሎ ይሞክረዋል፤ ካልተፈጸመለት ይመለሳል። በፈተና ላይ የፍጥነት ነጥብ አንሰጥም። በየሳምንቱ አንድ የቁልፍ ትእዛዝ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የወደደ ይይዘዋል። የሁለቱን እጆች ጣቶች በየስፍራቸው አድርጎ የመጻፍ ልምምድ ግን በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ለዐሥር ደቂቃ ለሁሉም ግዴታ ነው፤ በዚህ ነገር ብዙ ቅሬታ ቀርቦብኛል፥ እስከ ዛሬም አልለቀቅሁም። 1.2 ሴኮንዱ ወደ 0.2 የሚወርደው በሌላ መንገድ አይደለምና።

ለሹማምንቱም አንድ ልመና አለኝ። ለቆላው ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ዕቃ ሲገዛ ታብሌት ብቻ አይገዛ፤ በጣት የሚነካ መስተዋት ላይ ፕሮግራም መጻፍ በመዳፍ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ከእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ጋር የግዕዝ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ቢመጣ፥ ትርፍ ማውስም ቢኖር ወጪው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በገዳሪፍ ያየሁት አቧራ ድንበር አያውቅም፤ በመተማም በቋራም አለ።

እትዬ ተመልሰው ትምህርታቸውን ፈጽመዋል። ዛሬ በቆላው አገር በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት ራሳቸው በጻፉት ፕሮግራም ይደምራሉ። ባለፈው ዓመት ሲያገኙኝ ማውሳቸው ከተበላሸ ወራት እንዳለፈውና እስካሁን እንዳላሠሩት ነገሩኝ። ይህን የነገርሁት ባልደረባዬ ግን «ቢሠራላቸው ኖሮ ይፈጥኑ ነበር» ይላል። እርሱ ከእኔ ቀጥሎ ስለሚናገር የእኔን ስሕተት ከአፉ ትሰማላችሁ፤ ማውሱንም በኪሱ ይዞ መጥቷል።